ጁባ፣ ወንዙና የልብስ አዋጅ

ደቡብ ሱዳን የባህር በር የላትም። በጁባ አረብኛ ግን ነጭ ዓባይ «ባህር» ይባላል። ልጆች ለመዋኘት፣ እናቶች ልብስ ለማጠብ፣ የቀን ሠራተኞች የዕለቱን አቧራ ከገላቸው ለማስለቀቅ የሚወርዱት ወደዚሁ «ባህር» ነው። በሌላው ዓለም በባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ሰው በአደባባይ ውኃ ዳር ምን ለብሶ ወይም ምን ሳይለብስ ሊታጠብ ይችላል የሚለው ጥያቄ፣ በጁባ የሚነሣው በወንዙ ዳር ነው። ታሪኩ ግን ከአውሮፓው ጋር ሲነጻጸር የተገለበጠ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአውሮፓ ነገሩን የጀመሩት ለብሰው ያደጉ ሰዎች ናቸው። በዕርቃን ፀሐይ መሞቅና መዋኘት ለጤናም ለመንፈስም ይበጃል ብለው ማኅበር አቋቋሙ፣ ደንብ ጻፉ፣ ለማዘጋጃ ቤት አቤት አሉ። ቀደምት ሆኖ የሚጠቀሰው ማኅበር ግን የተመሠረተው በአውሮፓ ምድር አይደለም። እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ህንድ፣ ከቦምቤይ አጠገብ ባለችው በታና ከተማ፣ በ1891 አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ያቋቋመው ነው። ቅኝ ገዥው ሌላውን ሕዝብ «ልበስ» እያለ በሚገሥጽበት ዘመን የራሱ ዳኛ ከሰው ዓይን ርቆ ልብሱን ያወልቅ ነበር። በምሥራቅ ጀርመን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሥልጣኖች በዕርቃን መታጠብን ከለከሉ፤ ታጣቢዎቹ በአቤቱታ ብዛት አጨናነቋቸውና በ1956 ደንብ ወጥቶ በተለዩ ዳርቻዎች ተፈቀደ። የእንግሊዟ ብራይተን ከተማም ከብዙ ክርክር በኋላ በ1980 አንድ ዳርቻ ለይታ ሰጠች። በአፍሪካ የታወቀው ሙግት የተካሄደው በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል፣ በምፔንጃቲ የባህር ዳርቻ ነው። የዕርቃን መታጠብ ወዳጆች ማኅበር አመልክቶ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት በ2014 ፈቀደ፤ ዳርቻው በ2015 የፋሲካ ሰሞን ተከፈተ። የሃይማኖት አባቶችና ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ጉዳዩ የሕዝብ ጠባቂ ተብሎ ለሚጠራው የአቤቱታ ተቋም ቀረበ፤ በመጨረሻም ውሳኔው ሥርዓት አልጠበቀም ተብሎ ፈቃዱ ተነሣ።

በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች አመልካቹ ማውለቅ የፈለገው ወገን ሲሆን፣ ፈቃድ ሰጪው መንግሥት ነው። በጁባ ዳርቻ ግን ሰዎች ያለ ልብስ ለመታጠብ ፈቃድ የጠየቁበት ዘመን አልነበረም። ሳይጠይቁ ይታጠቡ ነበርና። እዚህ የተደራጀው፣ ማኅተም የያዘውና ደንብ ያወጣው አልባሹ ወገን ነው። ሙግቱም የመጣው ኋላ፣ አልባሹ እጁን ከወንዙ ዳር አልፎ ወደ ሴቶች ሱሪ በዘረጋ ጊዜ ነው።

የዛሬይቱ ጁባ የተቆረቆረችው በባሪ ሕዝብ አገር ነው። በ1841 መጀመሪያ፣ በግብጹ ገዥ በመሐመድ ዓሊ ትእዛዝ ዓባይን ሽቅብ ያስስ የነበረ የመርከብ ጓድ ከጁባ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ጎንዶኮሮ አካባቢ ደረሰ። ከጓዱ ጋር የነበረው ጀርመናዊ ፈርዲናንድ ቬርነ ያየውን በመጽሐፍ አስፍሯል። የባሪ ወንዶች ልብስ አልነበራቸውም፤ ገላቸውን በቅባት የተለወሰ ቀይ አፈር ተቀብተው፣ የብረትና የዝሆን ጥርስ አምባር አጥልቀው ወደ መርከቦቹ መጡ። መሪያቸው ግን እንግዶቹን የተቀበለው ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ ነው። በዚህች ሸሚዝ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ጨርቅ በባሪ አገር የማይታወቅ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ከሩቅ በልውውጥ ይመጣል፤ መሪው ለማዕረጉ ይለብሰዋል። ተከታዮቹ አለመልበሳቸው ጨርቅ ምን እንደሆነ ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ በዘመኑ ሸሚዝ ኀፍረትን ከመሸፈን ይልቅ ሥልጣንን ለማሳየት የሚያገለግል ዕቃ ስለ ነበረ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በደጋው አገርም ካባና ለምድ ከብርድ መከላከያነታቸው ይልቅ የሹመት ምልክትነታቸው ይበልጥ ይታወቃል።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ጎንዶኮሮ ደረሰ። ቤከር ስለ ባሪዎች ደግ ቃል አልነበረውም፤ ስለ ልብስ የጻፈው ግን ዓይኑ ሹል እንደ ነበረ ያሳያል። ሴቶቹ ከፊት በዶቃ ወይም በጥቃቅን የብረት ቀለበቶች የተሠራች አነስተኛ ግልድም፣ ከኋላ ደግሞ የቆዳ መሸፈኛ ያደርጉ ነበር። ይህ እንግዲህ «ራቁት» የተባለው አለባበስ ነው። ልኩ ተወስኗል፤ ሠሪው ይታወቃል፤ ያላገባችውና ያገባችው ይለዩበታል። ተጓዦቹ ይህን ልብስ ከልብስ አልቆጠሩትም እንጂ፣ ያለዚህ ግልድም የተገኘች ሴት በጎረቤቶቿ ዘንድ መታማቷ አይቀርም ነበር።

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌዎርግ ሽቫይንፉርት ከ1869 እስከ 1871 በደቡቡ ሲዘዋወር የገጠመው ደግሞ ያስቃል። በዲንካ ወንዶች ዘንድ መሸፋፈን የሴት ወግ ነበር። እርሱ ደግሞ ከአንገቱ እስከ እግሩ የተሸፈነ ሰው በመሆኑ «የቱርክ እመቤት» የሚል ስም አወጡለት። ተመራማሪው የእነርሱን ዕርቃን ሲመዘግብ እነርሱም የእርሱን ሱሪና ኮት እየመዘገቡ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የእርሱ መዝገብ በላይፕሲግና በለንደን መታተሙ ነው።

በወንዝ ዳር የነበረው ሥርዓት ያተኮረው በጨርቁ ላይ ሳይሆን በዓይን ላይ ነው። የኑዌርን ሕዝብ በ1930ዎቹ ያጠናው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደሚያስረዳው፣ ወጣት ወንድ በእኩዮቹ መካከል ያለ ልብስ መሆኑ ነውር አልነበረም፤ ወደ አማቶቹ ደጅ ሲሄድ ግን የዱር ድመት ቆዳ አገልድሞ ኀፍረቱን ይሸፍናል። አማት ፊት ራቁት መታየት ከባድ ድፍረት ነው። አንድ ገላ በአንድ ሰው ፊት ምንም አይደለም፤ በሌላው ፊት ነውር ይሆናል። የተሳሳተው ሰው የሚመጣ እንደሆነ አካሄዱን ይለውጣል፤ ወይም ታጣቢው ወደ ጥልቁ ውኃ ገባ ይላል፤ መንገደኛው ፊቱን ያዞራል።

ይህ ዓይነቱ ሥርዓት ከሰሜን ሸዋ ወይም ከጎጃም ወደ ጁባ ለመጣ ሰው የራሱን አገር ሊያስታውሰው ይገባል። ጠበል ቦታ ወንዱና ሴቱ በየተራው ወይም በየክልሉ ልብሱን አውልቆ ይጠመቃል። በዚያ ቦታ ዕርቃን መሆን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ማየት ነው። በገጠር ወንዝ ወንዶች ከላይ ሴቶች ከታች ሲታጠቡ፣ የሚያልፈው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፅ ያሰማል። ይህን ሁሉ ማንም አልጻፈውም፤ ፖሊስም አልቆመበትም። ደጋው ሰው ቆላ ወርዶ «እነዚህ ሰዎች ራቁታቸውን ይታጠባሉ» ብሎ ሲደነቅ፣ የራሱን ጠበል የረሳ ይመስላል።

የእንግሊዝና የግብጽ ጣምራ አስተዳደር በሱዳን ሲመሠረት በደቡቡ የልብስ ጉዳይ ለሁለት ወገን ተተወ። አንደኛው ሚሲዮን ነው። የእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ከ1905 ጀምሮ ከቦር አጠገብ በማሌክ፣ የካቶሊክ አባቶችም በየአቅጣጫው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ቁምጣና ሸሚዝ የተማሪ መለያ ሆነ። ልብስ ከፊደል ጋር አንድ ላይ መጣ። ሁለተኛው ወገን ከተማው ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞንጋላ ወደ ጁባ ሲዛወር፣ ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ የግሪክና የሰሜን ሱዳን ነጋዴው በአንድ ሰፈር ተሰበሰቡ፤ ልብስ የለበሰ ሰው የከተማ ሰው፣ ያልለበሰ የገጠር ሰው ተባለ።

መንግሥት ግን ስለ ዕርቃን ብዙም አልተጨነቀም። የሚያስጨንቀው ሌላ ልብስ ነበር። በጥር 1930 የካርቱሙ ሲቪል ጸሐፊ ሃሮልድ ማክማይክል «የደቡብ ፖሊሲ» ተብሎ የታወቀውን መመሪያ አወጣ፤ ዓላማው የሰሜኑ የአረብኛ ቋንቋና የእስልምና ልማድ ወደ ደቡብ እንዳይዘልቅ ማገድ ነበር። ፖሊሲው የት ድረስ እንደወረደ የሚያሳይ አንድ ደብዳቤ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1935 በራጋ ተቀምጦ የምዕራብ ባሕር ኤል ገዛልን አውራጃ ያስተዳድር የነበረው እንግሊዛዊ በወረዳው የአረብ ልብስ መስፋትም መሸጥም የተከለከለ መሆኑን ለነጋዴዎች አሳወቀ። ሸሚዝ ከእንግዲህ አጭር፣ ባለ ኮሌታና ከፊት የሚከፈት፣ እንደ አውሮፓውያኑ ይሁን፤ አንገቱ ክፍት የሆነው የሰሜኑ ቅድ ይቅር፤ ጥምጣም የሚጠመጠምበት ቆብም አይሸጥ አለ። ቀድሞ የገዛ ሰው እስኪያልቅ ድረስ ይልበስ፤ ልብስ ሰፊዎችና ባለ ሱቆች ግን በእጃቸው ያለውን እስከ የካቲት መጨረሻ ይጨርሱ።

የአውራጃ ገዥ ስለ ኮሌታ ቅርጽ ቀነ ገደብ ሲሰጥ ማየት ሊያስቅ ይችላል። ለልብስ ሰፊው ግን ቀልድ አልነበረም። ቆርጦ ያዘጋጀው ጨርቅ አለ፤ ዕዳ አለበት፤ ደንበኛው የለመደው ቅድ አለ። ሰው ጭራሽ ባይለብስ የማያየው መንግሥት፣ ለብሶ ሲገኝ ግን የአንገቱን ቅድ ይለካ ነበር። በደቡብ ሱዳን ልብስ ስለ ሥነ ምግባር መሆኑ ቀርቶ ገላው የየትኛው መንግሥት ነው የሚለው ጥያቄ መልስ የሆነው፣ በዚህ ደብዳቤ ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነፃነት በ1956 ሲመጣ ጥያቄው እጅ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። አዲሶቹ የአፍሪካ መንግሥታት በአጠቃላይ የዜጎቻቸው ዕርቃን በፈረንጅ ዓይን ያሳፍራቸው ጀመር። በታንዛኒያ ከ1967 ጀምሮ ማሳዮች ሱሪ እንዲለብሱ የሚያስገድድ ዘመቻ ተካሄደ። ብዙም ሳይቆይ የገዥው ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ በዳሬሰላም በሚኒ ቀሚስ፣ በዊግና በጠባብ ሱሪ ላይ ዘመተ። ገጠሬው አነሰው፣ ከተሜዋ አነሳት ተብለው ሁለቱም በአንድ መንግሥት ተቀጡ። በኡጋንዳ ኢዲ አሚን በ1971 የካራሞጃ ሕዝብ እንዲለብስ አዘዘ፤ ተቃውሞ ያሰሙ ሰዎች በወታደር ጥይት እንደወደቁ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይተርካሉ። ካራሞጃ ከደቡብ ሱዳን ጋር ይዋሰናል፤ የቶፖሳ ሕዝብም ዘመዱ ነው። በ1972 ደግሞ ያው አሚን ሚኒ ቀሚስን በአዋጅ ከለከለ።

አዲስ አበባም ከዚህ ውጭ አልነበረችም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ፣ የተማሪው ንቅናቄ የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው ብሎ ተነሣ። ሚኒ ቀሚስ የዘመኑ መነጋገሪያ ነበር። ታዳሚዎች ተሰደቡ፣ ተጎነታተሉ፤ ፖሊስ ግቢ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። መሬት ላራሹ ያሉት ወጣቶች የሴት ልጅን ጉልበት በተመለከተ ከአባቶቻቸው ብዙም ያልራቁ ሆነው መገኘታቸው፣ ስለዚያ ትውልድ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ በቂ ቦታ ያገኘ አይመስልም።

ወደ ሱዳን እንመለስ። በየካቲት 1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ጁባ የደቡቡ ራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በእነዚያ የሰላም ዓመታት አንዲት ልብስ በከተማው ሥር ሰደደች። በአንድ ትከሻ ላይ የምትቋጠር ቁራጭ ጨርቅ ናት፤ «ላዎ» ይሏታል። ከብቱን ትቶ ከተማ ለሚገባ ወጣት ርካሽና ቀላል ነበረች። ሥር የሰደደችውም በከተማው ሕግና በከብት ሰፈሩ ልማድ መካከል እንደ ስምምነት ሆና ነው። ዛሬ ላዎ በሠርግና በብሔራዊ በዓል የምትለበስ «የባህል ልብስ» ናት፤ ነፃነት በታወጀበት በሐምሌ 9 ቀን 2011 በጁባ አደባባይ ደምቃ ታይታለች። በቬርነ ዘመን ግን የባሪና የዲንካ ወንዶች የባህል ልብስ ምን እንደ ነበረ ከላይ ተነግሯል።

በመስከረም 1983 ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጀ፤ ጦርነቱም ዳግም ተቀጣጠለ። በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 152 «ነውረኛ ልብስ» የለበሰ ሰው እስከ 40 ጅራፍ እንዲገረፍ ደነገገ። ነውረኛ ልብስ ምን እንደሆነ ግን አልተረጎመም፤ ትርጉሙ ለፖሊሱ ዓይን ተተወ። ሕጉ ክፉኛ ያረፈው ከጦርነቱ ሸሽተው በካርቱም ዳርቻ በሰፈሩት የደቡብ ሴቶች ላይ ነው። እነዚህ ሴቶች ጠላ መሰል መጠጥ ሲሸጡ በአንድ አንቀጽ፣ ሲለብሱ በሌላ አንቀጽ ይያዙ ነበር።

ጥር 9 ቀን 2005 በናይሮቢ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ጁባ ተከፈተች። ከካርቱም፣ ከካምፓላ፣ ከናይሮቢ፣ ከካኩማ የስደተኞች መጠለያ ወጣቶች ተመለሱ፤ ጂንሳቸውን፣ ጸጉር አሠራራቸውንና ሙዚቃቸውን ይዘው መጡ። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ኡጋንዳውያንና ኬንያውያን ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሰልባጅ ልብስ በክምር ይሸጥ ጀመር። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ሱሪ በጥቂት ገንዘብ ስለሚገኝ፣ የድሃ ልጅ ልብስ እርሱ ሆነ።

በዚህ መካከል፣ በጥቅምት 2008 መጀመሪያ፣ የጁባ ካውንቲ ኮሚሽነር መጥፎ ጠባይንና ከውጭ የገባ ልቅ ባህልን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ፖሊስም ወጣ። ጠባብ ሱሪ የለበሱ በርካታ ወጣት ሴቶች ከመንገድና ከገበያ ተለቅመው ታሰሩ፤ የተደበደቡም እንደነበሩ በጊዜው ተዘግቧል። የተሰጠው ምክንያት የዱርዬ ቡድኖችን መቆጣጠር የሚል ነበር፤ ዱርዬው ወንድ፣ የምትታሰረው ሴት የሆነችበትን ምሥጢር ግን ያብራራ አልነበረም።

ትእዛዙ «የውጭ ባህል» ሲል የአገሬው ባህል ምን እንደሆነ የታወቀ አድርጎ ነው። ግን የትኛው? ጂንስ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ቤከር ያያት የባሪ ሴት በዶቃ ግልድሟ ያን ቀን በጁባ መንገድ ብትገኝ፣ ከልጅ ልጅዋ ቀድማ በፖሊስ መኪና ትጫን ነበር። ኮሚሽነሩ የጠበቀው ባህል የባሪም የዲንካም አልነበረም። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከካርቱም ሕግና ከጦር ሠፈር የተቀዳ፣ ከአንድ ሰው ዕድሜ የማይበልጥ ሥርዓት ነው። ይህን ለማለት የውጭ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ የጁባ ሴቶች ራሳቸው ብለውታል።

ሙግቱ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹ ዝም አላሉም። የደቡቡ መንግሥት የሥርዓተ ፆታ ሚኒስትር የነበሩት ሜሪ ኪደን በአደባባይ ተቃወሙ። ሕግ ነበር፤ ከ2005 ጀምሮ የጸናው የደቡብ ሱዳን ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ለሴቶች እኩል ክብር ሰጥቷል፤ አንድ ኮሚሽነር በደብዳቤ ሊሽረው አይችልም። ክርክሩ ሥር የሰደደ ስሜት የነካው በሌላም ምክንያት ነው። ብዙዎች ለሃያ አንድ ዓመት የተዋጉት ካርቱም ምን እንልበስ፣ ምን እንጠጣ፣ በምን ቋንቋ እንጸልይ ብላ ስላዘዘችን ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሁን የራሳቸው ፖሊስ፣ በራሳቸው ከተማ፣ ያንኑ ሥራ ሲሠራ አዩ።

በዓመቱ፣ በሐምሌ 2009፣ ካርቱም ራሷ ነገሩን ለዓለም አሳየች። ጋዜጠኛዋ ሉብና ሁሴን ሱሪ ለብሰው አንድ ምግብ ቤት ከተገኙ ሌሎች ሴቶች ጋር ተያዘች። ከተያዙት መካከል ሙስሊም ያልሆኑ የደቡብ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጥፋተኛ ነን ብለው አሥር አሥር ጅራፍ ተቀብለው ሄዱ። ሉብና ግን በተባበሩት መንግሥታት ተቋም ሠራተኝነቷ የነበራትን ያለመከሰስ መብት ትታ ፍርድ ቤት መቆምን መረጠች፤ የፍርዱን ቀን ሰው እንዲያይ በመጥሪያ ካርድ ጋበዘች። በመስከረም 500 የሱዳን ፓውንድ እንድትከፍል ተፈረደባት። አልከፍልም ብላ ኦምዱርማን እስር ቤት ገባች፤ በማግሥቱ የጋዜጠኞች ማኅበር መሪ ያለ ፈቃዷ ከፍለው አስወጧት። የካርቱም የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2019፣ አልበሽር ከወደቁ በኋላ ነው። ዜናው ሁሉ ሉብናን አነሣ፤ በመጀመሪያው ቀን የተገረፉትን የደቡብ ሴቶች ስም ያወሳ ግን ጥቂት ነው።

የጁባ ነጋዴዎችና ተማሪዎች በሚመላለሱባቸው ከተሞችም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በ2014 መጀመሪያ ኡጋንዳ የብልግና ምስልን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ ሕዝቡ «የሚኒ ቀሚስ ሕግ» አለው፤ በካምፓላ መንገዶች የወንዶች ጥርቅም ሴቶችን እያስቆመ ልብሳቸውን ይገፍ ጀመር። በዚያው ዓመት ኅዳር በናይሮቢ አንዲት ሴት በአውቶቡስ መቆሚያ ስትገፈፍ የሚያሳይ ምስል ተሠራጭቶ፣ ሴቶች «ልብሴ ምርጫዬ» በሚል ቃል አደባባይ ወጡ። ሴትን ራቁት ታየች ብሎ የሚቀጣ ሰው የሚቀጣት ራቁቷን በማስቀረት ነው፤ እንግዲህ ያስቆጣው ዕርቃኗ ሳይሆን የመረጠችው እርሷ መሆኗ ነበር። የኡጋንዳውን ሕግ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2021 ውድቅ አደረገው።

ሌላው ዐቃቤ ልብስ ካሜራ ነው፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። ለፎቶ ግራፍ የሚመጣው እንግዳ የሚፈልገው ልብስ እንዳይለበስ ነው። በኢትዮጵያ ደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሴቶች በአንድ ፎቶ የሚከፈላቸው ገንዘብ የታወቀ ነው፤ ቲሸርት የለበሰ ሰው ገበያ የለውም፤ ስለዚህ መኪና ሲመጣ ይወለቃል። ከጁባ በስተሰሜን በተረከካ አቅጣጫ ባሉት የሙንዳሪ የከብት ሰፈሮችም፣ በአመድ የነጣ ገላና ረጃጅም ቀንድ ያላቸው በሬዎች የብዙ ፎቶ አንሺ ሕልም ሆነዋል። አንዱ ባለ ሥልጣን «ልበስ» ሲል፣ አንዱ እንግዳ «አውልቅ» ይላል። በጋምቤላ ባሮ ወንዝ ዳር ሰው ከሥራ በኋላ ወርዶ ሲታጠብ ካሜራ የያዘ እንግዳ ድልድይ ላይ ሲቆም የሚነሣው ቁጣ ከዚህ የመጣ ነው። የድሮውን የዓይን ሥርዓት አያውቅም፤ ፊቱን አያዞርም።

በጁባ ዳርቻው ራሱ ጠቧል። ከ2005 በኋላ ለእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች የድንኳን ሆቴሎች፣ ቀጥሎም ቡና ቤቶችና ሆቴሎች በወንዙ ዳር ተደረደሩ፤ ዋና ልብስ የለበሰ እንግዳ በግቢው ገንዳ ሲዋኝ፣ አጥሩ ከታጣቢው አሮጌ መውረጃ ላይ ተተከለ። በአብዛኛው ሰፈር የቧንቧ ውኃ የለም። ውኃ ከወንዙ በቦቴ ተቀድቶ በየቤቱ በበርሜል ይሸጣል፤ በዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ጎልተው ታይተዋል። በርሜሉን መግዛት ያልቻለ ሰው ገላውን የሚታጠበው እዚያው ወንዙ ውስጥ ነው። በግንቦት 2014 ኮሌራ በጁባ መግባቱ ሲታወጅ፣ የወንዙ ውኃ እንዴት መጠጣት እንዳለበት ተነገረ፤ ለመታጠቢያ የሚሆን የተከለለ ቦታ፣ ለሴቶች ግድግዳ፣ ለልጆች ንጹሕ ውኃ ግን በዘመቻው መዝሙር ውስጥ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ቦቴዎቹ የመጨረሻውን ውኃ ቀድተው ሲወጡ፣ ሴቶች በቅጠሉ በኩል፣ ወንዶች ከመኪኖቹ ወዲህ ማዶ ይወርዳሉ። ሴቶቹ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ከብብታቸው ሥር ቋጥረው ይገባሉ፤ ከውኃው ውስጥ ይፈቷታል፤ ሳይወጡ መልሰው ይቋጥሯታል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ መስተዋቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።